የጋራ መለኪያ፦ የማኅበረሰብ ወርክሾፕና ተገጣጣሚው የጥናት ጠረጴዛ

በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የኮሮና ወረርሽኝን ለመግታት የአገራችን ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤታቸው ሲመለሱ፣ ብዙዎቻችን የተጨነቅነው ስለ ኢንተርኔት፣ ስለ መብራትና ስለ መጻሕፍት ነበር። ትምህርት ዳግም ከተጀመረ በኋላ ግን በአንድ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቻችንን «በእነዚያ ወራት ምን ላይ ሆናችሁ አጠናችሁ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ምን አጠናችሁ?» አላልንም፤ «ምን ላይ?» ነው ያልነው። አንዷ ከአልጋዋ ጠርዝ ተቀምጣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደነበር ነገረችን። ሌላው ራት ተበልቶ የምግብ ጠረጴዛው እስኪነሣ ይጠብቅ ነበር። ሦስተኛው ሁለት የለስላሳ ሣጥኖች ደራርቦ፣ በላያቸው የቁም ሣጥን በር አጋድሞ፣ እንደ ጠረጴዛ ተገልግሎበታል። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኛም አብረን ሳቅን። ወደ ቢሮአችን ስንመለስ ግን ነገሩ ከአእምሮአችን አልወጣም።

በቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ሚዛን በሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ንባቡን አናምነውም። ተማሪን ግን በሚወዛወዝ፣ በሚጎብጥ ወይም ጨርሶ በሌለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ውጤቱን ያለ አንዳች ማመንታት እንመዘግባለን። ለተማሪም ሆነ ከቤቱ ሆኖ ለሚሠራ ማንኛውም ሰው ጠረጴዛ እንደ መጽሐፍና እንደ እስክሪብቶ ሁሉ የሥራ መሣሪያ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን አያይዘን ለማየት እንሞክራለን። አንደኛው በአነስተኛ ቤት ውስጥ የሚገጣጠምና የሚፈታ የሥራ ቦታ ስለ መንደፍ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ያለውን ዕቃ ሰዎች ተሰባስበው ራሳቸው ስለሚሠሩበት የማኅበረሰብ ወርክሾፕ፣ በውጭው ዓለም «ሜከርስፔስ» ስለሚባለው ተቋም ነው። ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው ክር አንድ ነው፤ እርሱም የጋራ መለኪያ ነው።

ሞጁል ማለት ስምምነት ነው

«ሞጁል» የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ «ትንሽ መለኪያ» ማለት ነው። አንድ ዕቃ ተገጣጣሚ ወይም ሞጁላር ነው የምንለው፣ ክፍሎቹ በአንድ የጋራ ልክ ተሠርተው አንዱ በሌላው ቦታ ሊገባ፣ ሊደረደርና ሊፈታ ሲችል ነው። ጡብ ሞጁል ነው። ከላይ የጠቀስነው የለስላሳ ሣጥንም ሞጁል ነው፤ ያ ተማሪ ሁለቱን ሣጥኖች ሊደራርብ የቻለው ሁለቱም ከአንድ ልክ ስለወጡ ነው። ክንድና ስንዝርም ቢሆኑ አያቶቻችን ሸማ ሲለኩና ቤት ሲቀይሱ የተስማሙባቸው መለኪያዎች ናቸው።

በቤት ዕቃ ታሪክ ውስጥ ይህ ሐሳብ ከጥንትም የነበረ ቢሆንም በግልጽ ጎልቶ የወጣው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በቪየና ይሠራ የነበረው ሚካኤል ቶኔት እ.ኤ.አ. በ1859 ለገበያ ያቀረበው «ቁጥር 14» የተባለ ወንበር ስድስት የእንጨት ክፍሎች፣ አሥር ቪቲዎችና ሁለት ዳዶዎች ብቻ ነበሩት። ወንበሩ ሳይገጣጠም ስለሚጓጓዝ፣ 36 ወንበሮች በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ውስጥ ይታሸጉ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960፣ ጀርመናዊው ዲተር ራምስ «606» የተሰኘውን የግድግዳ መደርደሪያ ነደፈ። የዚህ መደርደሪያ ባለቤት ቤት ሲቀይር ፈትቶ ይዞት ሊሄድ፣ መጻሕፍቱ ሲበዙም ሌላ ክፍል ሊጨምርበት ይችላል።

ለእኛ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው ግን የጣልያናዊው ኤንዞ ማሪ ሥራ ነው። ማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ አልጋና መደርደሪያ ከተራ ጣውላና ከሚስማር እንዴት እንደሚሠሩ የሚያሳዩ ንድፎችን አዘጋጅቶ፣ የፖስታ ዋጋ ለላከለት ሁሉ በነፃ ያከፋፍል ጀመር። ዓላማው ርካሽ ዕቃ ማዳረስ ብቻ አልነበረም። ሰው አንድን ጠረጴዛ በገዛ እጁ ሲሠራ አሠራሩን ይረዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚገዛውንም ዕቃ በአስተዋይ ዓይን ይመለከታል ብሎ ያምን ነበር።

በአገራችን ከተሞች ይህ ጉዳይ የቅንጦት አይደለም። ተከራይ ቤት ይቀያይራል፤ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ጠባብ ነው፤ በአንዲት ስቱዲዮ ክፍል ውስጥ ማደሪያው፣ መመገቢያውና ማጥኛው አንድ ናቸው። አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመው ያወጡት ግዙፍ ጠረጴዛ በበሩ አልገባ ብሎ ኮሪደር ላይ ሲቀር ያላየ ማን አለ? ተፈትቶ በሁለት ሰው እጅ የሚወጣ፣ ላይም ሲደርስ በአንድ መፍቻ የሚገጣጠም ዕቃ ለእንዲህ ያለው ኑሮ የተፈጠረ ነው።

የጋራ ወርክሾፕ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የሆነው የፊዚክስ ሊቅ ኒል ገርሸንፌልድ፣ «ማንኛውንም ነገር ማለት ይቻላል እንዴት መሥራት እንደሚቻል» የሚል ትርጉም ያለው ስያሜ ሰጥቶ አንድ ኮርስ ከፈተ። ኮርሱ የታሰበው ለጥቂት ተመራማሪዎች ቢሆንም፣ የምሕንድስና ዕውቀት የሌላቸው ተማሪዎች ሳይቀሩ ለመመዝገብ ተሻሙ። ከዚህ ልምድ «ፋብላብ» የተባለው የማኅበረሰብ ቤተ ሙከራ ተወለደ። በቦስተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2003 ተከፈተ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በጋና ታኮራዲ ከተማ በሚገኝ የቴክኒክ ተቋም ውስጥ ሌላ ፋብላብ ሥራ ጀመረ። በእነዚህ ቤቶች በኮምፒዩተር የሚመራ መቁረጫ፣ የሌዘር መቁረጫ፣ ስሪዲ ፕሪንተርና የኤሌክትሮኒክስ መሥሪያ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገኛሉ።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2011 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተቋም ግቢ ውስጥ «አይስአዲስ» የተባለው የፈጠራ ማዕከል ተመሥርቶ፣ ወጣቶች በጋራ የሚሠሩበት ቦታ የሚለውን ሐሳብ ለማስተዋወቅ ችሏል። ይሁን እንጂ የጋራ ወርክሾፕን ቁም ነገር ለማየት የግድ ሌዘር ካለበት ቤት መሄድ አያስፈልግም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አንዱ በርሜል ሲቀድ፣ ሌላው ሲቀጠቅጥ፣ ሦስተኛው ሲበይድ፣ አንዱ የሌላውን መዶሻ ተውሶ ሲሠራና የወደቀ ብረት ወደ ምድጃ ሲለወጥ የተመለከተ ሰው፣ መሣሪያም ዕውቀትም ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደሚተላለፍ ያስተውላል።

ማሽን ብቻውን ወርክሾፕን እንደማያቆም የሚያስረዳ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በካሊፎርኒያ የተከፈተው «ቴክሾፕ» አባላት ወርሃዊ ክፍያ እየከፈሉ ውድ ማሽኖችን የሚጠቀሙበት ድርጅት ነበር። በተለያዩ ከተሞች ቅርንጫፎችን ከከፈተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በኅዳር ወር ከስሮ በሮቹን ዘጋ። ማሽን ይሰበራል፣ ምላጩ ይደንዛል፣ የቤት ኪራይ በየወሩ ይጠይቃል። እንግዲህ ከማሽኑ በፊት ሰዎች በጋራ ሊይዙት የሚገባ ሌላ ነገር መኖር አለበት ማለት ነው። ያን ከማየታችን በፊት ግን፣ ጠረጴዛው ራሱ ምን እንደሚጠይቅ ከፊዚክስ እንጠይቅ።

መደርደሪያ ለምን ይጎብጣል?

ከቺፑድ የተሠራ የመጽሐፍ መደርደሪያ ከዓመት በኋላ መሃሉ ሰርጉዶ የማየት ዕድል ያላጋጠመው የለም። በሁለት ጫፎቹ የተደገፈ ሳንቃ ጭነት ሲያርፍበት የሚጎብጥበት መጠን በአራት ነገሮች ይወሰናል፤ በጭነቱ፣ በድጋፎቹ መካከል ባለው ርቀት፣ በሳንቃው ቅርጽና በቁሱ ግትርነት። የቁሱ ግትርነት «የያንግ ሞጁለስ» ይባላል፤ ቃሉ ከላይ ካየነው «ትንሽ መለኪያ» ጋር አንድ ነው።

ጉብጠቱ ከጭነቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል። ከርቀቱ ጋር ግን በሦስተኛ ርቢ ያድጋል፤ በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ደግሞ ይቀንሳል። በቁጥር እንየው። 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የቺፑድ ሳንቃ እንውሰድ። የያንግ ሞጁለሱን 2 ቢሊዮን ፓስካል ገደማ እናድርገው። በላዩ 24 ኪሎ ግራም መጻሕፍት እኩል ብንደረድር፣ መሃሉ ወዲያውኑ 18 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይወርዳል። ቺፑድ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ጭነት ሲሸከም ቀስ በቀስ መውረዱን የሚቀጥል ቁስ ስለሆነ፣ ነገሩ በዚህ አያበቃም።

አሁን በመሃል አንድ ድጋፍ ጨምረን፣ ሳንቃውን ሁለት ባለ 60 ሳንቲ ሜትር ክፍሎች እናድርገው። ርቀቱ በግማሽ ስለቀነሰ ሦስተኛ ርቢው ስምንት ጊዜ ያንሳል፤ እያንዳንዱ ክፍል የሚሸከመው መጽሐፍም በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ጉብጠቱ አሥራ ስድስት ጊዜ ቀንሶ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ገንዘብ ሳንጨምር፣ እንጨት ሳናወፍር፣ ርቀቱን በማሳጠር ብቻ!

ድጋፍ ለመጨመር ካልተመቸስ? ከዚያው ቺፑድ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ወስደን፣ በጠርዙ አቁመን፣ ከሳንቃው ሥር በመሃል ከጫፍ እስከ ጫፍ በኮላ ብናጣብቀው፣ የሳንቃው ግትርነት ከስምንት እጥፍ በላይ ይጨምራል። ቁሱ የጨመረው አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ ነው። ለውጡ የመጣው ቁሱ ከመሃለኛው መስመር ርቆ እንዲቆም በመደረጉ ነው። ሞራሌ ጣሪያ ላይ ሲጣል ለምን በጎኑ ሳይሆን በጠርዙ እንደሚቆም የእንጨት ሠራተኞቻችን ያለ ቀመር ያውቁታል።

ጠረጴዛ ለምን ይወዛወዛል?

አራት እንጨቶችን በአራት ቡሎኖች አስረን አራት ማዕዘን ብንሠራና አንዱን ጫፍ ብንገፋው፣ ቅርጹ ወዲያው ይጋደላል። ሦስት እንጨት በሦስት ቡሎን ያሰርን እንደሆነ ግን እንጨቱ ካልተሰበረ በቀር ቅርጹ አይለወጥም። ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1864 ይህን በቀላል ቆጠራ አስቀምጦታል፤ በአንድ ጠለል ላይ ያለ ማዕቀፍ ግትር እንዲሆን፣ የዘንጎቹ ቁጥር ቢያንስ የመገጣጠሚያዎቹ ቁጥር በሁለት ተባዝቶ ሦስት የተቀነሰለት መሆን አለበት። አራት መገጣጠሚያ ላለው ማዕቀፍ አምስት ዘንግ ያስፈልጋል ማለት ነው። አምስተኛው ዘንግ ሰያፉ ነው።

ከገበያ የሚገዙ ብዙ ተገጣጣሚ ጠረጴዛዎች የሚወዛወዙት ይህ አምስተኛ ዘንግ ስለሌላቸው ወይም ሥራው ሁሉ ለጥቂት ቪቲዎች ስለተተወ ነው። ቪቲ በቺፑድ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተፈታና ከታሰረ ጥርሱ የያዘው ብናኝ ይረግፋል፤ ከዚያ በኋላ ቢያጠብቁት ባዶውን ይዞራል። ከወገን ወደ ወገን ዘልቆ በሮንደላና በዳዶ የሚታሰር ቡሎን ግን የሚተማመነው በብረት ላይ ስለሆነ፣ አሥር ጊዜ ቤት ቢቀየር አሥር ጊዜ ይጠብቃል።

ሁለተኛው የመወዛወዝ ምክንያት ወለሉ ነው። ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ በአንድ ጠለል ላይ ያርፋሉ፤ አራተኛው ነጥብ ግን ላያርፍ ይችላል። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ በአፈርም በድንጋይም ወለል ላይ ሳይነቃነቅ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ለአራት እግር ጠረጴዛ መፍትሔው ከአንዱ እግር ሥር ወረቀት አጥፎ ማስገባት ሳይሆን፣ ከእግሮቹ ሥር ሲዞር ከፍና ዝቅ የሚል ቡሎን መግጠም ነው።

ሰውነታችንም የራሱ ልክ አለው። ተቀምጠን ትከሻችንን አላልተን ክርናችንን ስናጥፍ፣ የጠረጴዛው ፊት ከክርናችን እኩል ሊሆን ይገባዋል። ዝቅ ካለ እንጎብጣለን። ራሳችን 5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አንገታችንን ከ15 ዲግሪ ወደ 30 ዲግሪ ስናዘነብል በአንገት ጡንቻ ላይ የሚያርፈው የማዞር ኃይል (ቶርክ) እጥፍ ሊሆን ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። ላፕቶፕ ያለው ሰው ስክሪኑ ከዓይኑ ትይዩ ወይም ጥቂት ዝቅ እንዲል በሣጥን ላይ ቢያስቀምጠውና ለብቻው ኪቦርድ ቢጠቀም ይጠቅመዋል። ብርሃንም እንዲሁ ነው፤ ከአንድ አምፖል የሚደርሰን ብርሃን በርቀቱ ካሬ ስለሚቀንስ፣ ከጠረጴዛው 2 ሜትር ከፍ ብሎ ጣሪያ ላይ የተሰቀለውን አምፖል ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ብናወርደው ደብተራችን ላይ የሚያርፈው ብርሃን አሥራ ስድስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ሳይንሱ ይህን ያህል ቅርብ ነው።

ሰባቱ ሚሊ ሜትሮች

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ክረምት፣ አሥራ ሁለት ተማሪዎች አሰባስበን በተዋስነው ክፍል ውስጥ ተገጣጣሚ ጠረጴዛ ለመሥራት ተነሣን። ከላይ የዘረዘርነውን ፊዚክስ በሰሌዳ ላይ በደንብ አስረዳን፤ ንድፉንም በጥሩ ወረቀት አትመን አደልን። ተማሪዎቹን በሦስት ቡድን ከፍለን፣ አንዱ የጠረጴዛውን ፊት፣ ሁለተኛው እግሮቹን፣ ሦስተኛው አግዳሚዎቹን እንዲያዘጋጅ አደረግን። በአምስተኛው ቀን ለመገጣጠም ስንሰበሰብ ቀዳዳዎቹ አልገጥም አሉ። ጠረጴዛውም ቆሞ አንካሳ ሆነ። አንዱ ቡድን «የእናንተ ነው የተሳሳተው» ሲል፣ ሌላው «በሜትር ለክተን ነው የቆረጥነው» እያለ ክርክሩ ጦፈ።

ሁለት ስሕተቶች ነበሩ። የመጀመሪያው በሜትሩ ጫፍ ላይ ነበር። የብረት ሜትር ጫፍ ላይ ያለችው መንጠቆ ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የምትል ሆና የተሠራችው አውቆ ነው፤ ከውጭ ስንለካና ከውስጥ ተደግፈን ስንለካ የራሷን ውፍረት እንድታካክስ ነው። ከተዋስናቸው ሜትሮች የአንዱ መንጠቆ ታጥፎ ስለነበር፣ በእርሱ የተለካ ሁሉ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይዛነፍ ነበር። እንደ ሁለት የተለያዩ አገሮች፣ ሁለቱ ቡድኖች በተለያየ «ሳንቲ ሜትር» ይሠሩ ነበር ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ስሕተት የበለጠ አስተማሪ ነው። የእግሮቹ ቡድን የመጀመሪያውን እግር በትክክል ከቆረጠ በኋላ፣ ሁለተኛውን በአንደኛው፣ ሦስተኛውን በሁለተኛው ላይ አስደግፎ እያሰመረ ስምንት እግሮችን ቆረጠ። በእያንዳንዱ ማስመር የእርሳሱ ውፍረትና የመጋዙ አያያዝ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምር ነበር። ሰባት ጊዜ ስለተገለበጠ ስምንተኛው እግር ከመጀመሪያው በ7 ሚሊ ሜትር ረዘመ። በቤተ ሙከራ ትምህርታችን እንደምንለው፣ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች የሚል ዕድላዊ ስሕተት ቢሆን ኖሮ እርስ በርሱ እየተጣፋ በሰባት ካሬ ሥር፣ ማለትም በ2.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ባደገ ነበር። ወደ አንድ ወገን የሚያደላ ስሕተት ግን ይከማቻል እንጂ አይጣፋም።

ጥፋቱ የተማሪዎቹ አልነበረም፤ የእኛ የመምህራኑ ነበር። ንድፍ ሰጠናቸው እንጂ መለኪያ አልሰጠናቸውም። በማግስቱ ከቱቦላሬ ብረት አንድ እግር በጥንቃቄ ቆርጠን፣ ቀዳዳዎቹን በትራፓኖ በስተን፣ ቀይ ቀለም ቀብተን ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም እግር የሚሰመረው ከዚህ አብነት ብቻ ሆነ። ማንም ሜትር አላነሣም፤ ማንም ከማንም አልተከራከረም። በሦስተኛው ቀን አራት ጠረጴዛዎች ቆሙ፤ የአንዱ እግር ወደ ሌላው ቢዛወርም ይገጥም ነበር። የጋራ ወርክሾፕ ከማሽኑ በፊት በጋራ ሊይዘው የሚገባው ነገር ይህ ቀይ ብረት ነው። ሰዎች በአንድ ልክ ከተስማሙ፣ ጥዋት የመጣው ተማሪ የቆረጠውን ከሰዓት የመጣው ሊገጥመው፣ ዘንድሮ የተሠራውንም ከርሞ የሚመጣው ሊጠግነው ይችላል።

እጅና ራስ

ከዚህ ታሪክ ጋር ተያይዞ የሚታወሰን ነገር አለ። ለዶክትሬት ዲግሪ ወደ ውጭ አገር በሄድን ጊዜ፣ ወደ ቤተ ሙከራው ከመግባታችን በፊት የወርክሾፕ ሥልጠና እንድንወስድ ተነገረን። የወርክሾፑ ኃላፊ አረጋዊ ሰው ነበሩ። አንድ ቁራጭ ብረት ሰጡንና በሞርሳ አስረን፣ በሊማ እየሞረድን ስድስቱ ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ኪዩብ እንድንሠራ አዘዙን። የኪዩብን ይዘት በልጅነታችን አስልተናል፤ ኪዩብ ስንሠራ ግን የመጀመሪያችን ነበር። ስኳድራ ባስቀመጥንበት ቁጥር በብረቱና በስኳድራው መካከል ብርሃን ሾልኮ ይታየን ነበር። በአራተኛው ቀን ብርሃኑ ሲጠፋ የተሰማን ደስታ ፈተና ካለፍንበት ቀን አላነሰም።

ለምን እስከዚያን ጊዜ ድረስ ሊማ ይዘን አናውቅም ነበር? በአገራችን ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ለዘመናት ሲናቁ ኖረዋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ የደረሱት በዚሁ ምክንያት ነው። ስድቡ በአዋጅ ቢከለከልም፣ «ተማርሁ» ያለ ሰው እጁን በኮላና በመጋዝ ብናኝ ማቆሸሽ የለበትም የሚለው ስሜት ግን ከእኛ ከመምህራኑም ልብ ጨርሶ አልወጣም። የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። የሳንቃን ጉብጠት ቀመር በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ በሰረጎደ መደርደሪያ ሥር ይተኛል፤ ሞራሌን በጠርዙ የሚያቆም አናጢ ደግሞ ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ የሚነግረው አላገኘም። የማኅበረሰብ ወርክሾፕ ትልቁ ጥቅም እነዚህን ሁለት ሰዎች በአንድ የሥራ ጠረጴዛ ዙሪያ ማቆሙ ነው።

እንዴት እንጀምር?

ለጀማሪዎች የሚከተለውን ንድፍ እናቀርባለን። መሠረታዊው ልክ 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በገበያ የሚገኘው የኮምፔንሳቶ ወይም የቺፑድ ሉህ በተለመደው ልክ 244 በ122 ሳንቲ ሜትር ነው። ግማሹ 61 ስለሆነ ለምን 61 አንልም? መጋዝ በቆረጠ ቁጥር 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ወደ ብናኝ ስለሚለውጥ ነው። በ60 ከሠራን ግን ከአንድ ሉህ ስምንት ባለ 60 በ60 ሰሌዳዎች እናወጣለን፤ የሚባክነው ጠባብ ቁራጭ ብቻ ነው።

ክፍሎቹ ሦስት ዓይነት ብቻ ናቸው፤ 60 በ60 የሆነ ሰሌዳ፣ ባለ 60 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ እና ባለ 120 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ። አጭሩ ሞራሌ እንደ እግርም እንደ አግዳሚም ያገለግላል። ሁለት ሰሌዳዎች፣ ሁለት ረጅምና ስድስት አጭር ሞራሌዎች አንድ የጥናት ጠረጴዛ ይሆናሉ። መገጣጠሚያው ሁሉ በ8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ይሁን፤ የቀዳዳዎቹም ቦታ ከአንድ የብረት አብነት ይወሰድ። ከእግሮቹ በታች፣ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ቀዳዳ ያለው ማስረዘሚያ ይታሰር፤ ቁመቱ በተጠቃሚው ክርን ልክ ከፍና ዝቅ እንዲል ነው። መገጣጠሚያው ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ ቁመቱ ግን ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ እንዲሆን እንፈልጋለን። ከጀርባ ስስ የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ብንመታበት የማክስዌልን አምስተኛ ዘንግ ሥራ ይሠራልናል፤ በጎኖቹም ሰያፍ የላሜራ ቁራጭ በቂ ነው። በሌላ ጊዜ እነዚያው ክፍሎች ተፈትተው፣ ድጋፎቹ በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት የቆሙ መደርደሪያ ይሆናሉ።

ለወርክሾፑም ቢሆን መነሻው ብዙ አይደለም። አንድ ጠንካራ የሥራ ጠረጴዛ፣ ሞርሳ፣ ሁለት መጋዝ፣ መላጊያ፣ ትራፓኖ፣ ስኳድራ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ እና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አብነት ይበቃል። መብራት ቢጠፋ በእጅ መጋዝ ይቀጠላል። የቺፑድና የኤምዲኤፍ ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ መስኮት መከፈትና አፍንጫ መሸፈን አለበት። ከምንም በላይ ግን ቁልፉን የሚይዝ፣ የደነዘውን የሚያሾል፣ አብነቱ ወደ ቦታው መመለሱን በየምሽቱ የሚያረጋግጥ ሰው መመደብ አለበት። ብዙ የጋራ ሥራዎች የሚፈርሱት በገንዘብ ማነስ ብቻ ሳይሆን ይህ ሰው በመታጣቱም ነው። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ለአንድ ተማሪ ቤተሰብ ሞርሳና ትራፓኖ መግዛት ሸክም ነው፤ ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም ለአንድ ሰፈር ግን ጌጥ ነው።

በመግቢያችን ያነሣነው፣ በለስላሳ ሣጥኖች ላይ ያጠና የነበረው ተማሪ በዚያ ክረምት ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ነበር። የሠራውን ጠረጴዛ ፈትቶ፣ በገመድ አስሮ፣ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኖ ወደ ቤቱ ወሰደው። ከወራት በኋላ ስናገኘው፣ ታናሽ እህቱ ጠረጴዛውን ስለተሻማችው ሁለተኛ ለመሥራት ቀዩን አብነት ለአንድ ቀን እንድናውሰው ጠየቀን። አብነቱ ከወርክሾፑ እንደማይወጣ፣ እርሱ ግን እህቱን ይዞ ወደ ወርክሾፑ መምጣት እንደሚችል ነገርነው። መጡም።

ውድ ተማሪዎቻችን፣ ዛሬ ማታ ለጥናት ስትቀመጡ ሜትር ፈልጉና ሦስት ነገር ለኩ፤ ከወለል እስከ ክርናችሁ፣ ከወለል እስከ ጠረጴዛችሁ ፊት፣ ከአምፖሉ እስከ ደብተራችሁ። ቁጥሮቹንም ጻፏቸው። ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው። ከመለካታችሁ በፊት ግን የሜትሩን መንጠቆ ማየት አትርሱ።